ግጥሙን የሰጠ ሰው

ላሊበላ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ሚስት ለአሰለች፤ ኩልመስክ።

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ወረቀት አላባክንም። ተቆጥተሽ እንደተቀመጥሽ አውቃለሁ። ሳልሰናበትሽ የወጣሁት፣ ብሰናበትሽ በሩ ላይ ትተኚብኝ ስለነበር ነው። ለዚህ ይቅርታ። ለሌላው ይቅርታ አልልም።

የምትጽፍልኝ ነሲባ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት። በትያትሩ ሙሽራ ሆና የምትዘፍነው እሷ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም፤ የቆጠሩት ምን እንደሠሩ አይቻለሁ። ያልሁትን ሁሉ ሳትቀንስ ሳትጨምር እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

በአብዱልሀሚድ አይሱዙ የላክሽው ቃል ደርሶኛል። የተቋረጠው ስልክ ወደናንተ እስኪመለስ ደብዳቤውንም እሱ ያመላልስልናል። «በሰባ አንድ ዓመትዎ ከልጆች ጋር አገር ላገር ምን ያዞርዎታል?» ብለሻል። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ያለሁበትን ልንገርሽ።

ከወልድያ ተነሥተን ቆቦ ሦስት ቀን ሠራን፤ ከዚያ እዚህ። ትያትሩ «የዋሻው ሙሽራ» ይባላል። አንድ ሽፍታ አለ፣ አንዲት ሙሽራ አለች፤ በዘፈን ይጣላሉ፣ በዘፈን ይታረቃሉ፣ በዘፈን ይሞታሉ። ኦርጋን አለ፣ ክራር አለ፣ ከበሮ አለ። እኔ መድረኩ ጠርዝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በማሲንቆ ሽለላውን አወርዳለሁ። ሽፍታው ደሙ የሚፈላው ያን ሲሰማ ነው። ኦርጋን የሚመታው ልጅ በየቀኑ «አባባ፣ የእርስዎ ድምፅ ከኔ ወርዷል» ይለኛል። «ያንተ ነው የወጣው» እለዋለሁ። ሞንታርቦ የሚሉትን ጥቁር ሣጥን ከጆሮዬ ሥር ገትረውብኛል፤ ደንቁሬ ብመለስ አትገረሚ።

ላሊበላን በልጅነቴ አባቴ ተሸክሞኝ መጥቶ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም። አዲስ አገር ነው። ቤቱ ሁሉ ገደል ላይ እንደተቀመጠ ፍየል ወደ ታች ያያል። ለገናና ለጥምቀት የመጣው ሕዝብ ተበትኗል፤ ሆቴሉ ብዙ፣ እንግዳው ትንሽ። ልጆቹ እኔንም «ሀሎ» ይሉኛል። አንዱን «ሀሎ አባትህ ነው» ብዬው ሮጠ።

እኔ አዲስ አገር ስገባ የመጀመሪያውን ቀን ማሲንቆ አልይዝም። ይህን ልጄ እንዳለውም ከኔ ተምሮት ነበር። ባዶ እጄን ጠላ ቤት እገባለሁ፣ ገበያ እቆማለሁ፣ ስም እለቅማለሁ። ማን ልጁን ዳረ፣ ማን መኪና ገዛ፣ ማን አባቱን ቀበረ፣ የማን ሚስት ኮበለለች። አዝማሪ ስም ካልያዘ እንደ ሬዲዮ ለማንም ይጮሃል እንጂ ሰው አያስነሣም። ኦርጋን መቺው ልጅ «ለምን ካርታውን በስልክ አላሳይዎትም?» አለኝ። ስልክህ የማን ሚስት እንደኮበለለች ይነግርሃል ወይ አልሁት።

በሁለተኛው ጠላ ቤት «የሻው» የሚል ስም ለቀምሁ።

የሻው። ልጄን እንዳለውን፣ ያንቺን ባል፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ በጥይት የጣለው። ዐሥር ዓመት ታስሮ ከወጣ ወዲህ ምድር ዋጠችው ስንል የነበረው። ላሊበላ ታይቷል የሚል ወሬ ወልድያ ላይ ሰምቼ ነው ከኪነቱ ጋር የገባሁት። ይኸው ጥያቄሽ ተመለሰ።

እዚሁ ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያስነጥሳል።

አሁን የምልሽን ስሚ። ልጅሽን ምሥጋናውን ላኪልኝ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲወድቅ ዐሥር ዓመቱ ነበር፤ ቆሞ አይቷል። የአባቱን ምንሽር ወልውሎ ይምጣ።

እዚህ ላይ ነሲባ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ ይሄን እኔ አልጽፍም።» «ምለሻል» አልኋት። «የማልሁት ለሰላምታዎ ነው እንጂ ለደም አይደለም» አለች። «እንግዲያው ለመልአኩ አጽፈዋለሁ» አልሁ። መልአኩ ሽፍታውን ሆኖ የሚሠራው ነው፤ ጽሕፈቱ ብልሹ ነው፣ የጻፈውን ሰው አያነበውም። በሱ እጅ ቃሌ ተዛብቶ እንዳይደርስሽ ብላ ጻፈችው።

በእጄ ጣት ፈርሜያለሁ።
ሰውአገኝ


ኩልመስክ፣ ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሰውአገኝ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ እግርዎን አልያዘዎትም? ካልሲዎቹን በቀዩ ከረጢት ውስጥ ከትቼልዎት ነበር፤ ከረጢቱን ጥለውት ነው የሄዱት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ብዕር አልያዝሁም፤ ፊደሌ ከተበላሸ ይቅር ይበሉኝ።

ምሥጋናው አውድማ ላይ ነው። ገብሱ ገና አልተወቃም። ደብዳቤዎን አላነበብሁለትም፤ አላነብለትምም።

አባባ፣ እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ። እርስዎ ልጅዎን ቀብረዋል። ምሥጋናው ያን ሰው ቢገድል አንድም በዚያው ይገደላል፣ አንድም የሻው በታሰረበት ይታሰራል። ያኔ ማንን እየጠበቅሁ ነው እሳት የማነድ? የሻው ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ላከብን፤ እርስዎ ውሻ ለቀቁባቸው። እኔ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳይ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ሲሮጥ ጋቢው አጥር ላይ ቀረ። አጥቤ መለስሁለት። ይህን አልነገርሁዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠይቄዎታለሁ። በዚያ ሠርግ የሻውን የሰደበውን ግጥም «ተቀበል» ብሎ የሰጠዎት ማን ነው? «በግርግሩ አላየሁትም» እያሉ ኖረዋል። የእንዳለው አጎቶች «ግጥም መስጠት የሚወድ ገለቴ ነው» ብለው ወንድሜን በዱላ ክንዱን ሰበሩት፤ ክምሩን አቃጠሉበት። «እኔ አልሰጠሁም» እያለ ጮኸ። እርስዎ እዚያው ቆመው ነበር፤ ወይ እሱ ነው፣ ወይ እሱ አይደለም አላሉም። ይኸው በሌሊት ወደ ሁመራ እንደወጣ ቀረ።

ማን እንደሆነ ይንገሩኝና ልቤ ይረፍ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠመንጃ እንነጋገር።

ታዛዥዎ
አሰለች


ላሊበላ፣ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአሰለች።

ካልሲ ገዝቻለሁ።

ስለ ግጥሙ የጠየቅሽኝን አልመልስም። አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል ይቀበላል፤ ሥራው ነው። ሰጪው የሰጠውን መልሶ ይዘፍናል፤ ስድቡም ምስጋናውም የሰጪው ነው። ከአያቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዳኛውም ይህን ያውቅ ስለነበር በምስክርነቴ አልገፋኝም። ዳኛ ያልገፋኝን አንቺ አትግፊኝ።

ሽማግሌዎቹ ላይ ውሻ ለቀቁ ያልሽው ልክ ነው። ጋቢ መመለስሽን ዛሬ ሰማሁ። ደግ ሠርተሻል፤ ለኔ ግን መንገር ነበረብሽ።

የሻውን አየሁት። የት እንዳለ ልንገርሽ፤ ከቤተ ማርያም በር ላይ ጫማ ጠባቂ ሆኗል። ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ እሱ ያነሣል፣ ይደረድራል። ፀጉሩ ነጭቷል፣ ጀርባው ጎብጧል። እኔ ግን ያን ፊት ከጠመንጃ አፈሙዝ በላይ ያየሁት ሰው ነኝ፤ አይጠፋኝም። በረባሶዬን አወለቅሁ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣው፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገልኝ። በረባሶ የሚጠርግ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? «አባቴ ይግቡ፤ ጫማዎ አይጠፋም» አለኝ።

ገባሁ። መጸለይ አልቻልሁም። ድንጋዩን ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው ያን የሚያህል ቤት የሠሩ ሰዎች ምን ዓይነት ትዕግሥት ነበራቸው እያልሁ ግድግዳውን ስዳብስ ቆየሁ። ቄሱ ዝቅ አድርጎ ያዜማል፤ ጉድጓዱ ድምፁን ይዞ ወደ ላይ ይሰደዋል። አንድ ቀን እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማሲንቆ ብመታ ብዬ ተመኘሁ። ይህን የምነግርሽ ለደም ብቻ የመጣሁ እንዳይመስልሽ ነው። አዲስ አገር ነው፤ ጆሮዬ አሁንም ያምረዋል።

ስወጣ በረባሶዬን አዙሮ፣ ዝም ብዬ እንዳጠልቀው አድርጎ አስቀምጦት ነበር።

የትያትሩ አዘጋጅ ለያንዳንዳችን ሁለት ትኬት ይሰጠናል። አንዱን ለየሻው ሰጠሁት። ለቅዳሜ ሳምንት ለጥር 27፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ደም አይፈስም። አዳራሽ ግን አዳራሽ ነው። ወረቀቱን ብዙ አየው፤ ቀና ብሎ እኔንም አየኝ። «እመጣለሁ» አለ። ቆቡ ውስጥ ከተተው።

ሌላ ወሬ። ትናንት ልምምድ ላይ መልአኩን በጥፊ መታሁት። ጥይት ሲመታው እጁን ዘርግቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እንደ ባለጌ ሙሽራ ተንጋሎ ይወድቃል። ማሲንቆዬን አቁሜ ተነሣሁ። «የተመታ ሰው እንዲያ አይወድቅም» አልሁት። «አባባ፣ ትያትር እኮ ነው» አለኝ። ያኔ ነው የመታሁት። አዘጋጁ ሮጦ መጣ። «የተመታ ሰው» አልሁት፣ «ወንበር ከሥሩ እንደ ነጠቁት ነው ቁጭ የሚለው። ይገርመዋል። ከዚያ ያጠገቡን ሰው ልብስ ይይዛል።» እንዳለው የያዘው የኔን ነበር። ማሲንቆዬ ላይ ነው የወደቀው። ቆዳውን ቀይሬዋለሁ፤ እጀታው ግን ያው ነው።

መልአኩ ጉንጩን ይዞ ሰማኝ። ዛሬ በልኩ ወደቀ። ማንም አላጨበጨበም። ጎበዝ ልጅ ነው።

ምሥጋናውን ላኪው። ገብሱ ይደርሳል።

ነሲባ ይህን ስትጽፍ ታለቅሳለች። ወረቀቱ የረጠበው ከእሷ ነው፤ ከኔ አይደለም።

ሰውአገኝ


ኩልመስክ፣ ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአቶ ሰውአገኝ።

ደብዳቤዎችዎን ጎታው ሥር ደብቄያቸው ነበር። ምሥጋናው ዘር ሊያወጣ ገብቶ አገኛቸው። ሁለቱንም እዚያው ቆሞ አነበበ። እኔ አውድማ ላይ ነበርሁ። ስመለስ ምንሽሩ ከተሰቀለበት የለም።

ፍተሻ እንዳያገኘው በእግሩ ነው የሄደው፤ ይህ ደብዳቤ በመኪና ይቀድመዋል ብዬ ነው የምጽፍ።

ሕፃን ሳለ እንቅልፍ ሲያስቸግረው ሽለላ ነበር የሚያወርዱለት። «ተኛ» አይሉትም ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲያ ደግሞ፣ ዐሥር ዓመት ሞልቶት እንኳ፣ አጠገቡ ተቀምጠው «የአባትህን ደም» ነበር የሚሉት። እኔ ዝም አልሁ፤ አማቴ ነዎት፣ ምራት ነኝ፣ ምን እላለሁ ብዬ። ጥፋቴ ይህ ነው።

እለምንዎታለሁ አልልም። ለምኜ ጨርሻለሁ። ያስቁሙት። ልጄ እዚያ ከወደቀ ስምዎን በዚህ ቤት የሚጠራ አይኖርም፤ ሲሞቱም ለቅሶ አልቀመጥም።

አሰለች


ላሊበላ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአሰለች።

ልጅሽ ሕይወቱ አለ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ከዚያ ቀሪውን አንብቢ።

የሻውም አለ። እኔም አለሁ፤ ቀኝ ክንዴ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከክርኔ በታች ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ «ይጋጠማል» አለ። «ደጋን ይይዛል?» አልሁት። ዝም አለ። የዚህን ሐኪም ዝምታ ወድጄዋለሁ፤ አልዋሸኝም።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደርሶኛል። ነሲባ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሦስተኛውን ከለከልኋት። ላስቁመው? አላስቆምሁትም። ሁሉን እንዳለ ልነግርሽ ነው፤ አንቺም እንዳለ ስሚው።

ምሥጋናው ዓርብ ጠዋት ደረሰ። እግሩ ቆስሏል። አበላሁት፣ እግሩን አጠብሁለት። አዳራሹ በር ላይ አራት ሚሊሻ ይፈትሻል፤ ምንሽሩን እንዴት ያስገባዋል? እኔ አስገባሁት። በትያትሩ የሽፍታው ተከታዮች ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃ ይይዛሉ፤ በጆንያ ታስሮ ነው የሚገባ። ከነሱ መሀል ከትቼ አሰርሁት። ሚሊሻው ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገና «የእንጨቱ ነው?» አለኝ። «የእንጨቱ ነው» አልሁ። ከተከታዮቹ አንዱ ታሞ ነበር፤ «የልጅ ልጄ ይቁምለት» ብዬ ለአዘጋጁ ነገርሁት። ቁመቱን አይቶ ደስ አለው፤ ጎፈር አሰረለት። እንግዲህ ልጅሽ በእውነተኛ ጠመንጃ፣ በውሸት ጎፈር፣ መድረክ ላይ ወጣ። እኔ ሽለላውን ሳወርድ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይተኩሳል። ሕዝቡ ትያትር ነው ብሎ ይቆያል፤ እሱ በጓሮ ይወጣል። እንዲህ ነበር ያሰብሁት። ነሲባ ይህን አታውቅም ነበር፤ ትኬቱን ብቻ ነበር የምታውቅ። ግን ደጀ ሰላሙ ውጪ ቆማ የሻውን አስጠርታ «ሽማግሌው ሊያስገድልህ ነው፤ እንዳትመጣ» ብላዋለች። «በረባሶውን ሳነሣ አውቄዋለሁ» አላት አሉ።

አውቆ መጣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መሀል፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ተቀመጠ።

ሽለላውን ጀመርሁ። ምሥጋናው ግራዬ ላይ ነው፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። የሻው ያን ጊዜ ተነሣ። ቆቡን አወለቀ። «ተቀበል!» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። የሰከረ መስሏቸው። አዘጋጁ ከመጋረጃ ኋላ «ይቀጥሉ አባባ፣ ይቀጥሉ» ይለኛል። እኔ ሃምሳ ዓመት ተቀበል ተብዬ አልፌ አላውቅም። «በል!» አልሁት።

«እኔስ ላፈሰስሁት፥ ታሰርሁ ዐሥር ዓመት፤
ያን ቃል የሰጠህን፥ ስሙን ጥራ በእውነት።»

ተቀበልሁ። ዘፈንሁት። ሞንታርቦው ለአዳራሹ ሁሉ አሰማው። ሕዝቡ ሳቁን አቆመ። ምሥጋናው ዞሮ እኔን አየኝ፤ ለካ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሊጠይቀኝ ይፈልግ ነበር።

የምጠራው ስም ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ሠርግ ከነበሩት ስንቱ ሞቷል። ገለቴንም መጥራት እችል ነበር፤ አገሩ ያመነው ነው። የወንድምሽ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር አሰለች። ያን ጊዜ ምሥጋናው መቀርቀሪያውን ሲስብ ሰማሁ። በሩን አየሁ። አራቱ ሚሊሻ ትያትሩን ሊያዩ ወደ ውስጥ ገብተው ቆመዋል፤ ክላሻቸው ደረታቸው ላይ ነው። ልጁ አንድ ቢተኩስ አራት ይመለስለታል። የሚቀመጠውን አየሁት፤ ወንበር ከሥሩ እንደ ነጠቁት። የሚይዘው ልብስ የኔን ነው።

«የሰጠኝ ሰው የለም፥ ከሆዴ አወጣሁ፤
ልጄን በገዛ አፌ፥ ጥይት ፊት አመጣሁ።»

ይህ ነው መልሱ። ማንም አልሰጠኝም። የሠርጉ ቀን የሻውን ሦስት ጊዜ በስሙ አወደስሁት። ተነሥቶ መጣና የያዘውን ጠላ ማሲንቆዬ ቆዳ ላይ ደፋው። «ይጠጣ፣ ጠምቶት ነው የሚጮህ» አለ። ዳሱ ሁሉ ሳቀ፤ እንዳለውም ፈገግ አለ፤ አየሁት። ቆዳ ከረጠበ ድምፁ ይሞታል። በሞተ ድምፅ ነው ያን ያወጣሁት፤

«አባቱን በበትር፥ ገበያ ላይ ገድለው፤
ጠመንጃው ለጌጥ ነው፥ ትከሻው ላይ ያለው።»

እውነት ነበር፤ አባቱ ገበያ ላይ በበትር ሞቶበታል፤ ዝም ብሏል። አንድ ሰው በጆሮዬ የሰጠኝ አስመስዬ «ተቀብያለሁ!» ብዬ ጮህሁና ዘፈንሁት። የሻው ጠመንጃውን ወደኔ ነው ያዞረ። እንዳለው መሀል ገባ። ከዚያ በኋላ ወንድምሽን ሲደበድቡት አይቼ ዝም አልሁ። አንድ ቃል ብናገር ቀጥለው የሚጠይቁኝ እኔን ነበርና።

ምሥጋናው ጠመንጃውን ወደኔ አዞረ። ደስ አለኝ፤ በሩ ላይ ያሉት እንደ ትያትር ያዩታል ብዬ። ግን አልተኮሰም። አፈሙዙን ይዞ በሰደፉ መታኝ። በመጀመሪያው ሕዝቡ አጨበጨበ። በሁለተኛው አጥንቴ ሲሰበር ሞንታርቦው ለሁሉም አሰማ። በሦስተኛው ጭብጨባው ቆመ። አንዲት ሴት «ኧረ በማርያም፣ እውነተኛ ነው!» ብላ ጮኸች። ሚሊሻዎቹ እየሮጡ መጡ። የሻው ግን ቀድሞ መድረኩ ላይ ወጥቶ ነበር። ልጁን ጥሎ ተኛበት፤ በሰውነቱ ሸፈነው። «አትተኩሱ፣ ልጄ ነው!» ይላቸዋል። በሰደፍ ጀርባውን ሲወግሩት እንኳ አልተነሣም።

ልጅሽ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይበላም። ምግቡን የምትወስደው ነሲባ ናት፤ ይዛ ትመለሳለች። እኔን ማየት እንቢ ብሏል።

ነሲባ «አብሽር አባባ» ትለኛለች። ክንዴን ሳይሆን ሌላውን ማለቷ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የየሻውን ደም እናድርቅ፣ ልጁም ከጣቢያ በእርቅ ይውጣ ብለዋል። እንደ ደንቡ የሻው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ባለ ደሟ ፊት ይንበረከካል። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ ዞሮ «አንተም ትሸከማለህ» አለኝ። «እኔ ልጄ ነው የሞተ!» አልሁት። «አዎን፤ የገደልኸውም ልጅህን ነው» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ የገበያውን ዳገት ወጣሁ፤ ክንዴ እንደ እሳት ይነዳል። ልጆቹም «ሀሎ» አላሉኝም። ከላይ ቆሜ ቆየሁና ተመልሼ ገባሁ። «እሸከማለሁ» አልሁ።

ቀኑ የካቲት 5 ነው፤ ጾሙ ሳይገባ። ድንጋዩን ከአንገት ላይ የምታነሣው ባለ ደሟ ናት። አንቺ ነሽ። የየሻውንም የኔንም። ባታነሺ ማንም አያስገድድሽም። እኔም አልቆጣም፤ እዚያው እሰነብታለሁ።

ለገለቴ ቃሌን ነሲባ ጽፋልኛለች፤ አብሮ ተልኳል። የት እንደሚላክ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይቅር በይኝ ማለት አፌ አያውቅም። አንገቴ ይበለው።

በግራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።
ሰውአገኝ


ኩልመስክ፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአቶ ሰውአገኝ።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ልጅሽ ሕይወቱ አለ የሚለውን እንዳዘዙኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቀሪውን አንድ ጊዜ። ሌላ ጊዜ ማንበብ አልፈልግም።

ለገለቴ የጻፉትን መልሼልዎታለሁ። ገለቴ ሞቷል። ሁመራ ላይ በትኩሳት፤ ሦስት ዓመት አልፎታል። ለቅሶውን ብቻዬን፣ በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ያልነገርሁዎት፣ መሞቱን ቢያውቁ ግጥሙን እሱ ላይ ጥለው ይገላገላሉ ብዬ ነው። የተሰበረው ክንዱ ቀኙ ነበር።

እመጣለሁ። የልጄን ልብስ ይዣለሁ፣ ድርቆሽ ይዣለሁ። ነሲባን ያመስግኑልኝ፤ ከኔ እጅ እንደሆነ ልጄ ይበላል። የሻው ሲንበረከክ ድንጋዩን አነሣለታለሁ፤ ዐሥር ዓመት ተሸክሞታል፣ ልጄንም ሸፍኖልኛል።

የእርስዎን ድንጋይ ሽማግሌዎቹ እንዳይመርጡ ይንገሯቸው። እኔ ይዤ ነው የምመጣ። ከእንዳለው መቃብር ራስጌ ያለውን ትናንት በመዶሻና በዶማ ነቀልሁት። አብዱልሀሚድ «ለአንድ ሽማግሌ ይሄ አይከብድም ወይ?» አለኝ። ጫነው አልሁት። ከረዳቱ ጋር ለሁለት ነው ያነሡት።

ማንሣት አለማንሣቴን እዚያ፣ ከበታቹ ፊትዎን ሳይ ነው የማውቅ።

አሰለች